ሁለት የሚከራዩ ኮንዶሚኒየሞች አሉኝ፤ ሦስተኛ ልጨምር ወይስ ልቆይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከመፈረሜ በፊት ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የማከራያቸው ሁለት ኮንዶሚኒየሞች አሉኝ። አንዱ ጀሞ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ በወር 15,000 ብር። ሌላው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ስቱዲዮ፣ 8,000 ብር። እኔ ራሴ እናቴ ግቢ ስለምኖር ኪራይ አልከፍልም። እቁብ ደርሶኝ፣ ቪትዜን ሸጬ፣ ከደመወዜም ቆጥቤ 3 ሚሊዮን ብር ይዣለሁ። አሁን ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ በ6 ሚሊዮን ብር መጥቶልኛል። ግማሹን ከራሴ እከፍላለሁ። ግማሹን የጀሞውን ቤት አስይዤ በ17 በመቶ ወለድ ከባንክ እበደራለሁ። ደላላው በ22,000 ብር በቀላሉ ይከራያል ብሎኛል። ዕድሜዬ 36 ነው። ሐሳቤ 45 ሳይሞላኝ አምስት ቤት ላይ መድረስ ነው፤ ከዚያ ሥራ ቢቀርም በኪራይ እኖራለሁ። ብር ተቀምጦ ይረክሳል፣ ቤት ግን አይረክስም ብዬ ነው የማምነው። ተሳስቻለሁ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ንገሩኝ።

መልሱ ብዙ ሆነ። በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም በየተራው እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

1ኛ። የመጀመሪያው ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ነው የጀመረው። ዓይንሽን ሳታሺ ግዢ ባይ ነው። ያስታወሰኝ ሐምሌ 2016ን ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አካባቢ ደረሰ። እሱ ያን ጊዜ ለቤት መግዣ ያጠራቀመው ብር ነበረው። ሲያመነታ የቤቱ ዋጋ አመለጠው። ቤት የነበረው ጎረቤቱ ግን ምንም አልጎደለበትም። የደረሰበትን ነው የተናገረው፤ ስለዚህ ቃሉን ቀለል አድርጌ አላየሁትም።

2ኛ። የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ብዙ አላወራም፤ ቁጥር ብቻ ደረደረ። የ3 ሚሊዮን ብር ብድር በ17 በመቶ የመጀመሪያ ዓመት ወለዱ ወደ 510,000 ብር ነው። የሰሚቱ ኪራይ አንድ ወር እንኳ ሳይጎድል በዓመት 264,000 ብር ነው። ጉድለቱ 246,000፣ በወር ሲካፈል 20,500 ብር። ዋናው ብድር ገና አልተነካም። የጀሞና የቱሉ ዲምቱ ኪራይ ሲደመር 23,000 ስለሆነ ሁለቱ ቤቶች ሦስተኛውን ሊቀልቡ ነው፤ እኔ እጅ የምትቀረው 2,500 ብር ናት። በዚያ ላይ ከኪሴ የማወጣው 3 ሚሊዮን በዝቅተኛው የ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ እንኳ በዓመት 210,000 ብር እንደሚወልድ አስታወሰኝ። ወረቀት አውጥቼ ራሴ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። ከደላላው ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስናሰላ ወለዱን በወር ከፋፍለን አይተነው አናውቅም ነበር።

3ኛ። ይህኛው 2ኛው ላይ ተነሳበት። በካልኩሌተር ቤት የሠራ ሰው አይቶ አያውቅም። አባቱ ኮልፌ ላይ ቤታቸውን የሠሩት ከዘመድ ተበድረው፣ ሊሾ ወለል ላይ ተኝተው፣ አንድ ክፍል ሲያልቅ ያንኑ አከራይተው ነው። ያኔ ሂሳብ ቢሠሩ ኖሮ ዛሬም ተከራይ ነበሩ ይላል። ኪራይ ደግሞ ይጨምራል፤ ዛሬ 22,000 የሆነው በሁለት ዓመት 35,000 ይሆናል ብሎ ደመደመ።

4ኛ። ኪራይ እንደ ድሮው በአከራይ ፍላጎት ብቻ የሚጨምርበት ጊዜ አልፏል ብሎ 3ኛውን አረመው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሦስት ወር መብለጥ አይችልም ብሎ ጨመረ።

5ኛ። አጭር እርማት ናት። ሦስት ሳይሆን ሁለት ወር ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንጂ እጅ በእጅ አይደለም። 4ኛው ወዲያው ልክ ነህ ብሎ አመስግኗል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ደስ ይላል።

6ኛ። ደላላ መሆኑን አልደበቀም። ሕጉ በወረቀት ነው፣ ሰው በወረዳ ዝቅተኛ ዋጋ አስመዝግቦ ልዩነቱን በጎን ይቀበላል ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ይህን ምክር አልወደድኩትም። ተከራዩ ነገ የተጻፈውን ብቻ ነው የምከፍለው ቢል አከራዩ ምን ይዞ ይከራከራል? ተከራዩም በጎን የሰጠው ብር ደረሰኝ የለው። ሁለቱም በእጃቸው ምንም የላቸውም። በሐሰት ሰነድ ላይ የተመሠረተ የኪራይ ገቢ እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል።

7ኛ። ስለ ግብር ያነሳው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ረስተነው ነበር። የኪራይ ገቢ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሠንጠረዥ «ለ» ውስጥ ነው። በዚያ አዋጅ ለግለሰብ ከ10 ጀምሮ እስከ 35 በመቶ በደረጃ ይወጣ ነበር። ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ አሁን ያለውን ደረጃ ሄደሽ አረጋግጪ አለኝ። ዋናው ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነበር። የሦስቱ ቤቶች ኪራይ ለየብቻ አይታይም። ተደምሮ ስለሚሰላ ሦስተኛው ቤት ሲጨመር ገቢዬን ወደ ላይኛው ደረጃ ይገፋዋል። ቤት ሲሸጥ ደግሞ ከትርፉ 15 በመቶ ግብር አለ። አምስት ቤት ሳልም አንድም ጊዜ ግብሩን አስቤ አላውቅም ነበር።

8ኛ። ይህ መልስ ነው ነገሩን ሁሉ የቀየረው። ሰውየው ስለ ብርም ስለ ወለድም አላነሳም። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ካርታው በማን ስም ነው? ቤቱ ለባለ ዕጣው ከተላለፈ አምስት ዓመት ሞልቶታል? ከዚያ የራሱን ታሪክ ነገረኝ። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሰው በውክልና ይሸጣል። እሱም እንዲያ ገዛ። ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፣ ቁልፍ ተረከበ። በር ገጠመ፣ ሴራሚክ አስነጠፈ፣ ኩሽናውን አሠራ፣ አከራየ። በሦስተኛው ዓመት ሻጩ ታሞ ሞተ። ወካይ ሲሞት ውክልና አብሮ ይሞታል። ወራሾቹ መጡ። ለእነሱ እሱ የአባታቸው ቤት ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ፍርድ ቤት ሄደ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። እሱ የያዘው ሁለት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ነበር። መልሱን ሲጨርስ የቤቱን ቁልፍ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ እንዳስቀመጠው ጻፈ። አንጀቴን በላው።

9ኛ። ይቺ የኔ ናት። ደላላው ጋ ደውዬ መጣሁ ብዬ ጻፍኩ። ካርታ አለ ወይ ስለው አለ አለኝ። በማን ስም ስለው በባለ ዕጣው አለኝ። እሷ የት ነች ስለው ዱባይ ነች፣ እህቷ በውክልና ትፈርማለች አለኝ። አምስት ዓመቱ ሞልቷል ወይ ስል ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፣ ይህ አያስጨንቅም አለኝ። ትንሽ የተባለው አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው። ሊቀበለኝ ያሰበው ቀብድ 500,000 ብር ነበር። ባንኩ የሚይዘው የጀሞውን ቤት ስለሆነ የሰሚቱን ሰነድ የመረመረልኝ ማንም አልነበረም።

10ኛ። 1ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። እንዲህ ከሆነ ምክሬን መልሻለሁ፣ በውክልና እንዳትገዢ አለኝ። የጻፈውን ማንሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚህ አይመለስም።

11ኛ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ነው። ውክልና ሲባል እሱም የሚለው ነበረው፤ ግን በአከራይ በኩል። አያት ላይ ሁለት ቤት አለው። ለአጎቱ ልጅ ሙሉ ውክልና ሰጥቶ ሄደ። አንዱ ቤት ለአሥራ አንድ ወር ተከራይ አልተገኘለትም ሲባል ከረመ። ለፋሲካ ሳይናገር መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ከፈተችለት። ኪራይዋን በየወሩ ሳታዛንፍ ስትከፍል ነበር። ከዘመድ ጋር አልተጣላም፤ ነገር ግን አሁን ኪራዩ በቀጥታ በስሙ ባለው የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ ለአጎቱ ልጅም የታወቀ ክፍያ ይከፍለዋል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቹ በኪራይ ቤት የሚያድጉት ወለዱ በማይቀየር የ30 ዓመት ብድር ነው፤ ክፍያው ቆሞ ኪራዩ ይደርስበታል። ያንን መንገድ አዲስ አበባ ላይ በ17 በመቶ እንደወረደ መገልበጥ አይሠራም ይላል። እኔም ከሰማኋቸው የኢንቨስትመንት ወሬዎች አብዛኞቹ ከዚያው የመጡ መሆናቸው አሁን ነው የገባኝ።

ከ12ኛ እስከ 15ኛ። እዚህ ጋ ወሬው ወደ ውሃ ሄደ። 12ኛው ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ውሃ ይወጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። 13ኛው ሮቶ ካላስቀመጥሽ ተከራይ አይቆይልሽም አለ። 14ኛው ደግሞ ሮቶ ቢኖርም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አያደርሰውም፣ ከታች ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ ደግሞ የግል ሳይሆን የብሎኩ መሆን አለበት ብሎ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። እሱ ያለበት ብሎክ ነዋሪዎቹ አዋጥተው ገዙ። አከራዮቹ ግን ቤቱ ውስጥ አንኖርም ብለው ሳያዋጡ ቀሩ፤ ተከራዮቻቸው ባልዲ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። 15ኛዋ በዚህ ተበሳጭታ ባለቤት ሆኖ የማያዋጣ ሰው ቤት አለኝ ባይል ይሻላል ብላለች። የኔ ስቱዲዮ ያለበት ብሎክ ባለፈው ዓመት መዋጮ ጠይቆኝ ነበር። አልከፈልኩም። ረሳሁት ብዬ ነው ያለፍኩት።

16ኛ። ተከራይ ነው፣ ቃሉም የመረረ ነው። በሰባት ዓመት አምስት ጊዜ ቤት ቀይሯል። ልጁ ሦስት ትምህርት ቤት ዞሯል። አምስት ቤት፣ አሥር ቤት እየተባለ ሲቆጠር የሚያነበው ደሙ እየፈላ ነው። የባንኩን ወለድ የሚከፍለው እሱ ነው፣ የቤቱን ዋጋ የሚያስወድደውም ባለ ሁለት ቤቱ ሦስተኛ ሲፈልግ ነው። 6ኛውን ስም ጠርቶ ባይሰድበውም ምንም አላስቀረለትም። አንድ አከራይ ልጇ ከውጭ ሊመጣ ነው ብላ አስወጥታው፣ በሳምንቱ ያንኑ ቤት በ5,000 ብር ጭማሪ ማስታወቂያ ላይ አይቶታል። ኮንዶሚኒየም የተሠራው ቤት ለሌለው ሰው ነበር ብሎ ዘጋ።

17ኛ። ሠርተህ ግዛ፣ ማንም አልከለከለህም የሚል ነው። ከዚህ በላይ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ሰው በልጁ ሲናገር እንዲህ አይመለስለትም።

18ኛ። አንድ አባት ገቡ። ዕድሜያቸው ከሰባ እንዳለፈ ጽፈዋል። መጀመሪያ 17ኛውን ልጄ ብለው ገሠጹት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወሰዱን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። አባታቸው ጉለሌ ውስጥ ሦስት የጭቃ ቤቶች ነበሯቸው። አንዷን መረጡ። ሁለቱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ነበር የሚሰጡት። ትርፍ የሚለው ቃል ያኔ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር እኛ አናውቅም። እናታቸው ጎረቤት ፊት ማድቤቱን እንኳ ክፍል ብለው እንዳይቆጥሩ ልጆቹን ያስጠነቅቁ ነበር። ያ ዘመን ይመለሳል ማለታቸው አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የባለቤቱ ነው። እሳቸው የሚቆጩት በሌላ ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሦስተኛው ቤት ሲያልቅ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። ቤቶቹ የሄዱ ዕለት የሚመለሱበት ሙያ እጃቸው ላይ አልነበረም። ሲንጀሯን የገዛው ሰው እዚያው ሰፈር ሲሠራባት በየቀኑ ያዩ ነበር።

ሥራ ቢቀርም በኪራይ እኖራለሁ ያልኩት ትዝ አለኝ። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

19ኛ። ለኔ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ የእኚህ እናት መልስ ነው። ግቢያቸው ውስጥ አራት ሰርቪስ ቤት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ያከራያሉ። ባንክ ገብተው አያውቁም። የሚያስቡት በባዶ ወር ነው። 15,000 የሚከፍል ተከራይ ላይ 2,000 ብር ብትጨምሪ በዓመት 24,000 ታገኛለሽ። በዚያ ምክንያት ወጥቶ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቆም 30,000 ሄደ። ቀለም አለ፣ የደላላ አለ፣ አዲሱ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። አንዷ ተከራያቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቧንቧ ሲያፈስ ራሷ ሠሪ ጠርታ ደረሰኙን ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው ከኪራይ ይቀንሱላታል። ማጀታቸው ውስጥ አንድ ደብተር አለ። በእያንዳንዱ ቤት ስም አንድ ገጽ፤ ባዶ የቆመበት ወር በቀይ እስክሪብቶ። አዲስ ክፍል የሚሠሩት ቀይ የሌለበት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። 16ኛውንም አልረሱትም፤ በየትኛው በኩል እንደሚፈልግ ጠይቀውት ስለ ቤት የሰሙትን ሊነግሩት ቃል ገብተዋል።

20ኛ። 3ኛው ሰው ነው። ሊሾ ላይ ተኝቼ ያደግሁ ስለሆንኩ ነው የጮህኩት ብሎ 2ኛውን ይቅርታ ጠየቀ። አባቱ ወለድ እንዳልከፈሉ ግን ሳይሸሽግ አመነ።

21ኛ። እኔ ነኝ። የሰሚቱን ትቼዋለሁ። ደላላው ተቆጣ፤ ሌላ ገዢ አለኝ አለ፣ ይሁን አልኩት። 3 ሚሊዮኑን ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስገብቼዋለሁ። ዋጋው ሊወጣ ይችላል፣ የ1ኛው ሰው ፍርሃት አሁንም አለብኝ። ሆኖም የጀሞዬን ቤት አስይዤ በሌላ ሰው ስም ያለ ቤት አልገዛም። ቀጥሎ የማየው በሻጩ ስም ካርታ ያለው፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ቀርበን የምንፈራረምበት ቤት ብቻ ነው። ለጊዜው አነስ ያለ ቢሆንም።

ቅዳሜ ዕለት ጀሞ ሄድኩ። ተከራዬ ነርስ ናት፤ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ጣሪያው ረጥቦ ቀለሙ ተነፍቶ አየሁት። ከላይ ካለው ቤት የሚመጣ ነው። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቃት ስምንት ወር አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት ኪራይ ትጨምሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ አለች። ከሥሩ ያስቀመጠችው ሰማያዊ ባልዲ ግማሽ ሞልቶ ነበር። ሳየው ማፈሬን አልሸሽግም። ውላችንም ያኔ ጠረጴዛ ላይ የጻፍነው አንድ ወረቀት ነው፤ አልተመዘገበም። ሰኞ ጠዋት እሷ አዳር ጨርሳ ስትወጣ ወረዳ አብረን ሄደን በ15,000 ብሩ እንዳለ እናስመዘግበዋለን። ላይኛው ቤት ያለው ሰውዬም ቧንቧ ሠሪ እንዲገባ ፈቅዷል። የቱሉ ዲምቱን የፓምፕ መዋጮም ዛሬ አስገባሁ፤ 14ኛውን አመሰግናለሁ።

22ኛ። 12ኛው ሰው ነው። ለስቱዲዮ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማስቀምጠው 500 ነው፤ በረንዳው ከዚያ በላይ አይችልም።